ሚስተር ናም የተሸከሙት ድንጋይ

ሰርካለም ጥቁር የለበሰችው ለኮሪያ ድራማ ባለታሪክ ነው። ሱን የምትባል ሙሽራ በመጨረሻው ክፍል መኪና ገጭቷት ሞተች። የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን ምን ያድርጉ፣ ንፍሮ ይዘው መጡ። የልጇ የሩሃማ ሠርግ ቅዳሜ ነው። ሰርካለም ግን ጥቁሩን አላወልቅም አለች።

ባሏ ፀሐዩ ታክሲ ነጂ ነው። እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ፣ ሚስተር ናም የሚባሉ ኮሪያዊ ሽማግሌ ደንበኛ አሉት። ሐኪም ቤት ሲያደርሳቸው ጭንቀቱን ነገራቸው።

«ልጅቷን የገደልኳት እኔ ነኝ» አሉ ሚስተር ናም።

ለካ በቀረጻ ቦታ የመብራት ገመድ ከመጎተት ተነሥተው ስመ ጥር የድራማ አዘጋጅ የሆኑ ሰው ኖረዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሱን ትዳን ብሎ አዘዘ፤ እሳቸው አሻፈረኝ ብለው ገደሏት። በማግስቱ ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራ የሰጣቸው የለም።

ፀሐዩ ሰፈሩን የሚያስታርቁትን አቶ ኃይሉን አማከረ።

«ገዳዩ ከታወቀማ ምን ቸገረ» አሉ አቶ ኃይሉ። «ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃት። ደንቡ ይኸው ነው።»

«የሞተ ሰው እኮ የለም፣ ጋሼ።»

«ለቅሶ ደርሼ የለም እንዴ? ምን የለም ትለኛለህ።»

ሚስተር ናም ደንቡን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። አቶ ኃይሉ ከመኪና ማቆሚያው ያነሡላቸውን ድንጋይ ንቀው ከሱ የሚተልቅ መረጡ። የሰርካለም ቤት በር ጋ ሲደርሱ አቶ ኃይሉን ከኋላቸው፣ ፀሐዩን ከጎናቸው አቆሙ። ገብተውም ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ እንደያዙ ሰርካለም እግር ሥር ተንበረከኩ። የሚሉትን ፀሐዩ ተረጎመላት።

«የሙሽራ ልብሷን ሳታወልቅ ለምን ገደሏት?» አለች።

«ብትድን ትረሻት ነበር።»

ሰርካለም አለቀሰች። «ይቅር ብያለሁ፤ ይነሡ» ብላ ጥቁሩን አውልቃ አጣጠፈችው።

ሚስተር ናም ግን ሳይነሡ ለፀሐዩ አንድ ነገር አንሾካሾኩ።

«ምን አሉ?»

«ቸኮልሽ አሉ። ጥቁሩን መልሰሽ ልበሺና እንደገና ከመግቢያው እንጀምር አሉ።»

«እውነታቸውን ነው፣ ቸኩያለሁ» ብላ እጇን ዘረጋች። ፀሐዩ ቀደማትና ጥቁሩን ነጥቆ ተቀመጠበት።

ሚስተር ናም ድንጋያቸውን ይዘው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

«ክፈትላቸው እንጂ፣ ይከብዳቸዋል» አለች ሰርካለም።

«ጋሼ ኃይሉ ይክፈቱላቸው» አለ ፀሐዩ። «እኔ እስከ ቅዳሜ ከዚህ አልነሣም።»