የመልሱ መጽሐፍ

ዊላ ፍራዚየር በሕይወቷ ሰው መትታ አታውቅም ነበር። ዶሮ ስታርድ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በአሮጌ መጻሕፍት ገበያ መሐል፣ የዶርካስ ፕሩትን የፊት ጥርስ በክርኗ ያወለቀችው።

በዚያ በሚዙሪ ኮረብታ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ እናቶች በየዓመቱ በጋው ሲቃረብ ይሰበሰባሉ። የጨረሱትን መጽሐፍ ይሸጣሉ፣ ለመጪው ዓመት የሚሆናቸውን ይመርጣሉ። ላየው ፍቅር ብቻ ነው፤ ጸሎት ይደረጋል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ «እህቴ፣ እህቴ» ይባባላሉ። ጠረጴዛው ላይ እጅ መዘርጋት ሲጀመር ግን ጉድ ይፈላል። ለታናናሾቹ የሚሆነው ሞልቷል፤ ፊደልና መደመር ማን ያቅተዋል? ጭንቁ ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ነው። እዚያ ሲደረስ እናትየዋ ራሷ የማታውቀው ይመጣል። ያን ጊዜ የተማሪው መጽሐፍ ብቻውን ምን ይፈይዳል? የመልሱ መጽሐፍ የሌላት እናት ልጇ ልክ ይሥራ ይሳሳት አታውቅም፤ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታርመው።

ዊላ የኬሚስትሪውን የተማሪ መጽሐፍ አግኝታለች። የሙከራውንም አግኝታለች። የመልሱ ግን ዶርካስ ቅርጫት ውስጥ ነበር። የዶርካስ ትልቁ ልጅ ገና አምስተኛ ክፍል ነው፤ ለወደፊት ይሆነኛል ብላ ነው የያዘችው። ዊላ ለመነቻት። ልጄ ነርስ ልትሆን ነው፣ ዘንድሮ ካልተማረችው አለቀላት አለቻት። ዶርካስም ሳቅ ብላ፣ «የአሳማ በረት ለመጥረግ ደግሞ ኬሚስትሪ ምን ያደርግላታል?» አለቻት።

ዊላ እስከ ዛሬ መጽሐፉን ስስብ ክርኔ አመለጠኝ ትላለች። ያዩት ግን እንደዚያ አይሉም። ዶርካስ አፏን ይዛ ስታጎነብስ ደሟ የሎሚው ኬክ ላይ ተንጠባጠበ፣ ዊላም ጎንበስ ብላ መጽሐፉን ከቅርጫቱ አንሥታ ወጣች።

ነገሩ የጥጋብ አልነበረም። ልጇ ቲርዛ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። የነርሶቹ ኮሌጅ ደግሞ ኬሚስትሪ ያልተማረ አይቀበልም። ያ ኮሌጅ ለቲርዛ ከዚያ ቤት መውጫ በር ነው፣ ሌላ በር የላትም። ቤቱ ደግሞ ሊወጡበት የሚገባ ቤት ነበር። የዊላ ባል ሃርላን አሳማ አርቢ ነው፤ እጁ እንደ በር ሳንቃ ነው፣ ከተናደደ ቀድሞ የሚናገረው እጁ ነው። የዊላ ግራ ጆሮ ከሰማ ቆይቷል። የቲርዛ አገጭ ሥር ያለችውን ጠባሳ ለሚጠይቅ ሰው ከደረጃ ወድቃ ነው ይባላል።

ትምህርት ቤታቸው «የዝግባ ኮረብታ አካዳሚ» ይባላል። ሳትስቁ ስሙኝ፤ የዚያ አገር ሰው ወጥ ቤቱንም ቢሆን ስም ካላወጣለት አያስተምርበትም። ተማሪ ሁለት፣ አስተማሪ አንድ። ሃርላን ርዕሰ መምህር ነው፤ አንድም ቀን መጽሐፍ ሳይገልጥ ርዕሰ መምህር ነው። በጉባኤያቸው ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ወንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ አባቱ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ የሚማረውን የሚመርጥለት አባቱ ነው።

የቤቱ ታናሽ ጊድዮን አሥራ ሁለት ሲሞላው ዊላ ተደራደረች። ልጁን ያለ ጭቅጭቅ ውሰደው፣ እኔም አንዲት ቃል አልናገርም፤ ቲርዛን ግን አሥራ ስምንት እስኪሞላት ለኔ ተውልኝ፣ የምትማረውን እኔ ልምረጥላት አለች። ሃርላን ሳቀና እጁን ዘረጋላት። ተጨባበጡ። ዊላ ያን ዕለት ያሸነፈች መሰላት።

ጊድዮን ከዚያ በፊት ጭኗ ላይ ተንተርሶ ታሪክ የሚያስነብባት ልጅ ነበር። አሁን ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ደም ደም እየሸተተ ይገባል። አሳማ ግንባሩን ብሎ መጣል፣ ቆዳ መግፈፍ፣ አጥር መትከል፣ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ነው ትምህርቱ። በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል አባቱ ያስጠናውን ሲደጋግም ይሰማታል፤ «ሁለቴ አስጠንቅቅ፣ ትንፋሽህን አውጣ፣ ቀስ ብለህ ሳብ።» እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይለዋል። ዊላ ይህን ስትሰማ ቆሽቷ ያራል፤ ግን ቃሏን ሰጥታለች። አንድ ቀን ቲርዛ ኮምጣጤና ሶዳ ደባልቃ ፊኛ ስትነፋ በሩ ላይ ቆሞ አየ። እኔም ልሞክር፣ እማ፣ አላት። እሷም ሂድ፣ አባትህ ይጠብቅሃል፣ ነገር እንዳታመጣብን አለችው። ልጁ ወደ በረቱ ሄደ።

ገበያው በዋለበት ዕለት ከሰዓት በኋላ የዶርካስ ባል ክላይድ መኪናውን እያስጓራ ግቢያቸው ገባ። ሚስትህ የሚስቴን አፍ ሰበረች፣ ለምን ብትል ልጅህን ከተማ ልካ ነርስ ልታደርግ ነው ብሎ ለሃርላን አንድ ሳያስቀር ነገረው። ሃርላን ስለ ጥርሱ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ስለ ነርሱ ሲሰማ ሳቁ ቆመ። ክላይድን ሸኘ፣ ባቄላውንና የበቆሎ ዳቦውን በላ፣ ተኛ። ዊላ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ከዱላው ይልቅ የምትፈራው እሱን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሃርላን ሦስቱን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አነሣ። «ዛሬ ክፍሉ የጋራ ነው። ተማሪዎች ሁሉ ወደ አጥሩ» አለ።

ከአሳማው በረት ጀርባ አዲስ አጥር እየተተከለ ነበር። ሦስቱን መጽሐፍ በሦስት ቋሚ እንጨት ጫፍ ላይ አቆማቸው። ጠመንጃውን ለቲርዛ ዘረጋላትና አንድ በአንድ አውርጂያቸው አላት።

ዊላ መሐላቸው ገባች። «ተጨባብጠናል፣ ሃርላን።»

«እኔ የተጨባበጥኩት ለዳቦና ለስፌት ነው። ልጄን አስተምረሽ ልታስኮበልዪብኝ አይደለም» አላትና በመዳፉ ደረቷን ገፍቶ ጭቃው ላይ ጣላት።

ቲርዛ ጠመንጃውን አልተቀበለችም። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ አባቷን እያየች ቆመች። በጥፊ መታት። አሁንም አልተቀበለችም። ደገማት፤ ከአፍንጫዋ ደም ወረደ፣ በምላሷ ላሰችው፣ አሁንም እጇን አልዘረጋችም። ያ የእናቷ ሐሞት አልነበረም፤ የማን እንደሆነ እንጃ።

ሃርላን ጠመንጃውን ወደ ጊድዮን ወረወረው። አሳያት አለው። ልጁ ቀልቦ ያዘ፣ አቀባበለ፣ እኅቱን ሳያይ ተኮሰ። የተማሪው መጽሐፍ መሐሉን ተበስቶ ከእንጨቱ ላይ ተሽቀንጥሮ ወደቀ። ሁለተኛውን፣ የሙከራውን፣ ደግሞ ደገመው። ቅዳዱ ወረቀት በአሳማዎቹ ላይ በነነ። አሳማዎቹ እየጮሁ በረቱን አተራመሱት።

ሦስተኛው የመልሱ መጽሐፍ ነበር። ቲርዛ ያኔ ሮጠች። ከእንጨቱ ላይ ነጥቃ ሆዷ ሥር አድርጋ መሬት ላይ ተጠቀለለች። ሃርላን ደርሶ ፀጉሯን በጡጫው ጠቀለለው፣ ቀና አደረጋትና ፊቷን በቡጢ መታት። አልለቀቀችም። በጫማው ጎኗን ረገጠው። አልለቀቀችም። ሦስተኛውን ሲረግጣት አንድ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ዊላ በአንድ ጆሮዋ ሰማች።

እስካሁን የፈራችው ሁሉ ከሰውነቷ ወጣ። አጥሩ ሥር የጉድጓድ መቆፈሪያው ድጅኖ ተጋድሞ ነበር። ሌላ ቀን በሁለት እጇ የማታነሣውን አነሣችው፤ እንዴት እንዳነሣችው ዛሬም አታውቅም። ከኋላው መጥታ ትከሻውና አንገቱ መገናኛ ላይ አሳረፈችው። የአንገቱ ሥር አጥንት ይሁን የትከሻው፣ የሆነ ነገር ደቀቀ። ሃርላን እንደሚያርዳቸው አሳማዎች አንዴ ጮኾ በጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ በፊቱ ጭቃው ላይ ተደፋ።

ቢበቃት ኖሮ! አልበቃትም። የዓመታት ጥፊ፣ የጆሮዋ፣ የልጅቷ አገጭ፣ ሁሉም እጇ ላይ ወጣ። ድጅኖውን ወደ ላይ አነሣች። የጭንቅላቱን ጀርባ ነበር የምታየው። ልትገድለው ነበር፤ እኔ ልሸፋፍንላት አልችልም፣ ልትገድለው ነበር።

«እማ፣ ጣይው» አለ ጊድዮን።

አልሰማችውም። ወይም ሰምታ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

«እማ፣ ሁለተኛዬ ነው።»

ከዚያ ትንፋሹን ሲያወጣ ሰማችው። ይህን በደንብ ሰማችው።

ጥይቱ ቀኝ ክንዷን ከክርኗ በላይ ሰብሮት አለፈ። ድጅኖው ከሃርላን ጆሮ አንድ ስንዝር ርቆ መሬት ላይ ተተከለ፣ እሷም ባሏ አጠገብ ወደቀች። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ቲርዛ የተሰበረ ጎኗን ይዛ እየዳኸች መጣች፣ የቀሚሷን መቀነት ፈትታ የእናቷን ክንድ ከቁስሉ በላይ ጠፍራ አሰረች፣ እያለቀሰች፣ እየተሳደበች። ጊድዮን ቀለሁን አወጣ። ጠመንጃውን ከጥይት ባዶ አደረገ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ አጥሩ ላይ አስደገፈ። እንደተማረው ነው፣ አንዲት ነገር አላጎደለም። ከዚያ መጥቶ እናቱ ራስጌ ቁጢጥ አለ።

«እጅሽ ላይ ነው ያነጣጠርኩት» አላት። «ሌላ ቦታ አልነበረም።»

ዊላ ልጇን ቀና ብላ አየችው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለቴ አስጠነቀቀ፣ ትንፋሹን አወጣ፣ ቀስ ብሎ ሳበ፣ ያነጣጠረበትን ቦታ መታ። ጎበዝ ተማሪ ነው። የማይረሳ፣ የማይሳሳት ተማሪ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሌላ ሰው ይመስላት ነበር።

ቲርዛ መኪናውን እየነዳች ወላጆቿን ሁለቱንም ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ጊድዮን ከኋላ፣ የጭነቱ ቦታ ላይ፣ የአባቱን ራስ ታቅፎ ሄደ። ፖሊስ መጣ፤ ሃርላን ከአጥር ላይ ወድቄ ነው አለ፣ ሚስቱ እንደጣለችው ለሰው ከሚናገር ሞቱን ይመርጣል። ዊላም ጠመንጃ ሳነሣ ባረቀብኝ አለች። ፖሊሱ ሁለቱን አየ፣ የልጅቷን ያበጠ ፊት አየ፣ ጻፈ፣ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ባልና ሚስቱ በአንድ መጋረጃ ተለይተው ተኙ። ቲርዛ ጎኗን ተጠቅልላ መጽሐፎቹን ይዛ መጣች፤ ከጭቃው ለቅማቸዋለች። በተማሪው መጽሐፍ በእያንዳንዱ ገጽ መሐል አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። የሙከራውም እንዲሁ ነው። የመልሱ ብቻ ሳይነካ ተርፏል።

«መልሱ ደህና ነው፣ እማ» አለች ቲርዛ ባበጠ ከንፈሯ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ጥያቄው ነው የተበሳው። ከመልሱ ተነሥቼ ጥያቄውን አገኘዋለሁ። መማሬ አይቀርም።»

ዊላ በደህና እጇ ጉንጯን ዳበሰቻት። ላንቺ አልፈራም አለቻት፤ እውነቷን ነበር። ቀጥላም ወንድምሽ የት አለ ብላ ጠየቀች።

ጊድዮን ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ከመጡ ጀምሮ አልገባም። የመጪው ዓመት የመማሪያ መጻሕፍት ካታሎግ ቲርዛ ባመጣችላት ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ የዚያ አገር እናት ከሱ አትለይም። አውጪልኝ አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ከመጋረጃው ወዲያም እንዲሰማ።

«ሃርላን፣ ስምምነታችን ፈርሷል። አንተ ነህ ያፈረስከው። ሁለቱም የኔ ናቸው። ከዚህም ወጥተን ወደዚያ ቤት አንመለስም።»

ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ተንቋቋ።

«ጊድዮን፣ ና ግባ። ሰባተኛ ክፍልን እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

ልጁ ገባ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «ሰባተኛን ጨርሻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ዊላ። «አይቻለሁ። የተማርከውን ግን እኔ አልመረጥኩልህም ነበር።»

ካታሎጉን ጭኗ ላይ አደረገላት። ቀኝ እጇ ታስሯል፣ ግራው መርፌ አለበት፤ ገጹን አንተ ግለጥልኝ አለችው። ገለጠላት። አንዱን ገጽ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ሳይቸኩል፣ ወረቀቱን ሳያጨማድድ ገለጠላት። ፊቱን ሳይሆን ጣቶቹን ነበር የምታየው። እናቱ ላይ ከተኮሰ ግማሽ ቀን አልሞላውም፤ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። ዊላ እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር፤ ያኔ አለቀሰች።