የሄስለር ነፃ መብራት

ሎርና ነፃ ነገር አይዋጥላትም። ነፃ ነገር ፍለጋ አገር ለአገር የምታዞረኝ እሷው ናት፤ ካገኘችው በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። «በነፃ የሚሰጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ትለኛለች። እኔ በቱቦ የምተነፍስ ሰውዬ ምን ልመልስላት?

ቤታችንን ሸጠን በዚች ተጎታች ቤት መኖር ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። መጀመሪያ ላይ ያለ መብራት፣ ያለ ውሃ፣ በረሃም ሆነ ወንዝ ዳር ደስ ያለን ቦታ እያቆምን ኖርን። ከዚያ ሳንባዬ አመፀ። ሐኪሙ የኦክስጅን ማሽን ሰጠኝና «ሶኬት በሌለበት እንዳታድር» አለኝ። የተጎታቿ ባትሪዎች አርጅተው ማሽኑን አይችሉትም። መብራትና ውሃ ያለው ማቆሚያ ደግሞ ከኛ ጡረታ ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ የሎርና ሥራ ስልክ ላይ አፍጥጦ በነፃ መብራት የሚሰጥ ቦታ መፈለግ ሆነ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። ወጣቱ ጥሏቸው የሄደ ትንንሽ የካንሳስ ከተሞች መንገደኛው ዳቦና ቤንዚን ቢገዛን ብለው መናፈሻቸው ውስጥ የመብራት ሳጥን ይተክላሉ።

ሄስለርን ያገኘነው እንዲህ ነው። «እስከ አንድ ሳምንት በነፃ፤ መብራትና ውሃ አለ፤ ከቤዝቦል ሜዳው አጠገብ» ይላል ስልኩ ላይ ያለው ማስታወቂያ። ከሥሩ፣ እዚያ ያደሩ ሰዎች አስተያየት ሰጥተዋል። አንዱ ጥላውን አመስግኗል። ሌላው «ኤልደን ሲያንኳኳ ክፈቱለት» ብሎ ብቻ ሄዷል።

«ኤልደን ማነው ደግሞ?» አለች ሎርና።

«እኔ በምን አውቄ?»

«ራሱ ነው የጻፈው፣ እመነኝ። ሌላ ማን እንዲህ ይላል?»

ቤት ያለው ሰው የኛን ነገር አይረዳም። መንገድ ላይ የሚኖር ሰው እንደ ማንኳኳት የሚፈራው ነገር የለም። የገበያ አዳራሽ ማቆሚያ ላይ ጥግህን ይዘህ ስታድር የሚያንኳኳው ወይ ጥበቃ ነው ወይ ፖሊስ፤ የሚለውም ያው «ተነሱ» ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሕግ አለ፤ ሲንኳኳ ዝም ነው። መብራትህን ታጠፋለህ፣ ትንፋሽህን ትውጣለህ፣ ሰውዬውም ይታክተውና ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል።

ሄስለር የገባነው በሐምሌ ሙቀት ነው። መናፈሻው ውስጥ ከኛ ሌላ ማንም አልነበረም። ገመዳችንን ሰካን፣ ማሽኔ ማጉረምረም ጀመረ፣ እኔም ቱቦዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ጋደም አልኩ። ሎርና ግን ሳጥኑን ዞራ ዞራ አየችው።

«ሣሩ ተረግጧል» አለች ስትመለስ።

«የምን ሣር?»

«ሳጥኑ ሥር ያለው። ከሜዳው እስከ ሳጥኑ ድረስ መንገድ ወጥቶበታል። ሰው ይመላለሳል።»

«ላም ይሆናል።»

«ቀልድ አንተ! ላም ሳጥን ትከፍታለች?»

ሲመሻሽ ተንኳኳ። ሎርና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። በመጋረጃው ጥግ ሳይ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት ያንጠለጠለ ሽማግሌ ቆሟል።

«ይቅርታ እሜቴ፣ ኤልደን እባላለሁ። ስለ መብራቱ ላነጋግርዎት ነበር» አለ።

ሎርና ስሙን ስትሰማ ወደኔ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠች። መስኮቷን የጣት ያህል ከፈት አደረገችና «ነፃ ነው የተባለው!» አለችው።

«አዎ፣ ነፃ ነው፤ ግን...»

«እንግዲያውስ እናመሰግናለን! ደህና እደር!» መስኮቱን ድርግም።

«‹ግን› አለ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«አላልኩህም? ‹ግን› የሌለበት ነፃ የለም።»

ብዙም ሳይቆይ ማዶ ያለው የሜዳው ፓውዛ ቦግ አለ፤ መጋረጃችን ነጭ ሆነ። ወዲያው ማሽኔ ጮኸ። መብራት ሲቋረጥበት ጭራዋ እንደተረገጠ ድመት ነው የሚጮኸው። ሎርና ከወንበሯ ተነስታ፣ ጫማዋን በጨለማ ፈልጋ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ኤልደን ሳጥኑን ከፍቶ እጁን ውስጥ ከቷል። ሳጥኑን ዘጋና እየተጎተተ ወደ ሜዳው ሄደ። ማሽኔም ዝም ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

«አየኸው?» አለች ሎርና። «አላነጋግርህም ስላልኩት አጥፍቶ አሳየን። ‹መብራታችሁ በእጄ ነው› ማለቱ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ደረጃችን ላይ አንድ ከረጢት እሸት በቆሎ ተቀምጦ አገኘን። ለምለም ነው፤ ጤዛው እንኳ አልደረቀም። እኔ አፌ ውሃ ሞላ። ሎርና ግን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው።

«በቆሎ ምን አደረገሽ?»

«አንድ ቀን ያጠፋብሃል፣ አንድ ቀን ያበላሃል። እንዲህ ነው ሰው የሚያለማምዱት።»

ማታም ያው ሆነ። ተንኳኳ፤ ሎርና ቴሌቪዥኑን ለቀቀችበት። ፓውዛው በራ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ኤልደን ሳጥኑ ላይ ተገኘ፣ መብራቱ መጣ። በሦስተኛው ምሽትም እንዲሁ። እዚህ ላይ እኔም ተሸነፍኩ። እስከዚያ ድረስ በሎርና እየሳቅኩ ነበር፤ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጨነቀው የኔ ደረት ነው። ስሙን እንጂ ማንነቱን የማላውቀው ሰው በትንፋሼ ሲጫወት ታየኝና ፈራሁ። ጠላሁትም።

«እንሂድላቸው» አልኩ።

«የት? ቀጣዩ ነፃ ሶኬት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ትርፍ የኦክስጅን ሲሊንደርህ ባዶ ነው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ስለዚህ ቆርጣ ተነሳች። ሲሊንደሩን ፒካፑ ላይ ጫነች፤ ወረዳው ዋና ከተማ ሄዳ ልታስሞላው፣ በዚያውም ሸሪፉ ቢሮ ገብታ ኤልደንን ልትከስ። ከመሄዷ በፊት ከዕቃ መያዣዋ ቡጢ የሚያክል ጓጉንቸር አወጣችና ሳጥኑን ቆለፈችው። ቀጭ ሲል እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ደስም አለኝ።

«እስቲ አሁን ይንካው!» አለች። ቁልፉን ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንጠለጠለችው። ስልካችን አንዲት ናት፤ እሷም አብራት ሄደች። «ሳይመሽ እመጣለሁ። ማንም ቢያንኳኳ...»

«ዝም።»

«ጎበዝ የኔ ጌታ።»

መሸ፣ ሎርና አልመጣችም። ከሩቅ የጭነት ባቡር ጡሩንባ ተሰማኝ። የዚያ አገር ባቡር መንገድ ላይ ከተዘረጋ ማለቂያ የለውም፤ ከወዲያ ማዶ ቆማ መሪውን በቡጢ እየመታች እንደምትሳደብ ታየኝ።

ተንኳኳ። ዝም አልኩ። እርምጃው ወደ ሜዳው ራቀ።

ፓውዛው ቦግ አለ። ማሽኔ ጮኸ፤ የአየር ማቀዝቀዣውም ቀጥ አለ። እንደ ልማዱ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልተመለሰም። ጓጉንቸሩ ሲንኳኳና ሲጎተት ሰማሁ። ቆይቶ እርምጃው በሩጫ ወደ በሬ መጣ።

«ጌታዬ! ጌታዬ፣ ውስጥ አሉ? ሳጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉን ይስጡኝ!»

ይኸው፣ አልኩ በሆዴ፤ ሌባው ቁልፍ ስጠኝ ይላል። ማሽኑ አገር ይያዝልኝ እያለ እየጮኸ እኔ ቤት ውስጥ ሰው እንደሌለ ሆኜ ተኛሁ። ኤልደን በሩን በመዳፉ ደበደበ፣ ስሜን ስለማያውቅ «ጌታዬ» እያለ ተጣራ፣ ከዚያ እየሮጠ ሄደ። አሸነፍነው ብዬ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም።

ፈገግታዬ ግን አልቆየም። ቤቱ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። አየሩን እስበዋለሁ፣ አይገባም። የጣቶቼ ጫፍ መደንዘዝ ጀመረ። የሎርናን መኪና ድምፅ ለመስማት ጆሮዬን ባቆምም የምሰማው የገዛ ልቤን ብቻ ነው። ልሞት ነው ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው፤ በነፃ ቦታ፣ ነፃ መብራት አጠገብ፣ በራሳችን ጓጉንቸር።

እርምጃው ተመለሰ። ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ሳጥኑን እየሰበረ ነው፣ ቀጥሎ በሩን ይሰብራል አልኩ። መሞቴ ካልቀረ ተኝቼ አልሞትም ብዬ መጥበሻውን ከምድጃው ላይ አነሳሁና ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። መቀርቀሪያውን ስስበው በሩ ላይ ተደግፌ ነበር። በሩ ተበረገደ፤ እኔ ከነመጥበሻዬ ደረጃው ላይ ተደፋሁ።

ኤልደን ትልቅ የብረት መቁረጫ ይዞ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሲያየኝ «ወይኔ ጌታዬ!» አለ። የሎርና መኪናም የደረሰችው በዚሁ ሰዓት ነው።

በእሷ በኩል ሆኜ ሳስበው አልፈርድባትም። ባሏ በር ላይ ተዘርሯል፤ ስትጠረጥረው የሰነበተችው ሰው አጠገቡ መቁረጫ ይዞ ቆሟል። መኪናውን ሳታጠፋ ወረደች። ድብ ለማባረር የምንይዘውን የበርበሬ ርጭት በሁለት እጇ ይዛ «አንተ አውሬ!» እያለች ፊቱ ላይ ባዶ እስኪሆን ለቀቀችበት።

ኤልደን ጮኸ። መቁረጫው ከእጁ ወደቀ፤ የተቆረጠው ጓጉንቸርም አብሮት መሬት ላይ ወደቀ። ይሸሻል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ እያሳለና እየተንገዳገደ፣ በእጁ ሳጥኑን ዳሰሰ። ክዳኑን አገኘው። ጣቱ ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ወደ ላይ አነሳ። ቀጭ አለ።

ከኋላዬ፣ ቤት ውስጥ፣ ማሽኔ ጩኸቱን አቁሞ ማጉረምረም ጀመረ።

ሎርና ባዶውን ቆርቆሮ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ማሽኑን ሰማች፣ የተቆረጠውን ጓጉንቸር አየች፣ ቀና ብላ ፓውዛውን አየች። ከዚያ ተወርውራ ብብቴ ውስጥ ገባችና ጎትታ አስገባችኝ፤ ቱቦውን አፍንጫዬ ላይ አደረገችልኝ። እያለቀሰች ነበር። መናገር ስላልቻልኩ በጣቴ ወደ ውጭ አመለከትኳት። ወጣች።

በመስኮቱ አየኋቸው። ኤልደንን ወንበራችን ላይ አስቀምጣ በነፃው ቧንቧ ዓይኑን ታጥበዋለች።

«የሜዳው ፓውዛና እናንተ ያላችሁበት መስመር አንድ ነው እሜቴ» ይላል እያስነጠሰ። «የከተማው ልጆች ማታ ቤዝቦል ሊጫወቱ ፓውዛውን ሳበራ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የናንተ ብሬከር ይወርድና መብራታችሁ ይቋረጣል። መጥቼ አነሳዋለሁ። አስቀድሜ ልነግራችሁ ነበር።»

«ለምን ጮክ ብለህ አትነግረንም ታዲያ?» አለች ሎርና፤ ጥፋቱን ቢያንስ ለሁለት ልታካፍለው እየሞከረች።

«በሰው ግድግዳ ላይ መጮህ ነውር መስሎኝ። በየቀኑ እኮ አንኳኳሁ።»

ሎርና እንደገና ውሃውን አፈሰሰችለት።

በማግስቱ ጠዋት የሸሪፉ ምክትል፣ ገና ጺሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ፣ የሎርናን ክስ ሊያጣራ መጣ። ኤልደን ከኛ ጋር ተቀምጦ በቆሎ ይግጣል፤ ዓይኖቹ አብጠው ተደፍነዋል።

«ጋሽ ኤልደን፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ልጁ።

«ሽንኩርት ስልጥ።»

ልጁ የሎርናን ፊት አየ። ሎርና ቀይ ሆና «ተሳስቼ ነው፣ ክሱን ቅደደው» አለችው። ልጁ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ።

ኤልደን ዓይኑ እስኪሻለው በእግሩ ወዲያ ወዲህ ማለት ስላልቻለ ሥራው ለሎርና ተላለፈ። ሲመሻሽ ሳጥኑ አጠገብ ወንበር ዘርግታ ትቀመጣለች። ኤልደን ከማዶ ሊያበራ ሲል «እሜቴ!» ብሎ ይጣራል፤ ፓውዛው ቦግ ሲል እሷ ብሬከሩን ታነሳለች። ማሽኔ አንዴ እንኳ ጮኾ አይጨርስም።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ከጎናችን ሌላ ተጎታች ቤት ገባ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሰላም ሳይሉን ገመዳቸውን ሰክተው በራቸውን ዘጉ። ፓውዛው ሳይበራ ሎርና ልብሷን አስተካክላ ሄደችና አንኳኳች።

የቴሌቪዥናቸው ድምፅ ወዲያው ጠፋ። መጋረጃው ትንሽ ነቅነቅ አለ። የከፈተ ሰው የለም።

ሎርና ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ደግማ አንኳኳች።