ቅይጧና ሁለቱ አለቆች

በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሁለት ኃላፊዎች ነበሩ፤ በክፍሉ ለምትመራመረው ለቅይጧ ሁለቱም እዚህ ግባ የማይባሉ። "ቅይጧ" ብለው ስም ያወጡላት እነሱው ናቸው። መጀመሪያ ኬሚስትሪ ተማረች፣ ሥነ ልቦና ደረበችበት፣ ሦስተኛ ዲግሪዋን ደግሞ በአንጎል ሳይንስ ያዘች።

"ልጅቷ መወሰን አቅቷት ነው" ይላል የላብራቶሪው ኃላፊ።

የሥነ ልቦናው ኃላፊ ጺሙን እያሻሸ "ነፍስን በብልቃጥ ልትለካልን መጣች" እያለ ተማሪዎቹን ያስቃል።

እሷ አፍ አውጥታ መልስ ሰጥታቸው አታውቅም። በልቧ ግን አንዱን ብልቃጥ አጣቢ፣ ሌላውን ወሬ ጠራቂ ብላቸው አርፋለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ሴትዮ በሴት ልጃቸው ተደግፈው መጡ። ስሜት የሚያረጋጋውን ሊቲየም እየወሰዱ ለዓመታት ደህና ነበሩ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ሲራመዱ ግድግዳ ግድግዳውን ነው።

ባለ ጺሙ አሥር ደቂቃ አናገራቸው። "ባላቸው የሞቱት አምና ነው። ሐዘኑ አልወጣላቸውም" ብሎ ፈረደ።

"ደማቸው ይታይ" አለች ቅይጧ።

"ሐዘን ደም ውስጥ ይገኛል እንዴ?" ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ።

ነርሷን ለምና ደሙን አስቀዳች፤ ራሷ መረመረችው። ሊቲየሙ ከሚፈቀደው እጥፍ አልፏል። የላብራቶሪው ኃላፊ ወረቀቱን በጨረፍታ አይቶ "አሮጊት አይደሉ? ረስተው ደራርበው ውጠውት ነው። ቁጥሩ ይኸው፣ የእኛ ሥራ አለቀ" አለ።

ብልቃጥ አጣቢ! አለች በሆዷ። ወረቀቱን ይዛ ተመለሰችና ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

"እማማ፣ ኪኒኑ ተደርቦብዎት ይሆን?"

"አርባ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ ስንዝር ያልሳትኩ ሴት ሁለት ኪኒን መቁጠር ያቅተኛል?" አሉ በተሳሰረ አንደበት፣ ተቆጥተው።

"አያቅትዎትም። ሌላ የጀመሩት መድኃኒትስ?"

ልጃቸውን በጎን አዩና ወደ ቅይጧ ጠጋ ብለው "ጎረቤቴ ለጉልበቴ ማስታገሻ ሰጥታኝ ነበር። በቀን ሦስቴ። ለዚህች እንዳትነግሪያት፣ ትጮህብኛለች" አሏት።

"እማዬ!" ጮኸች ልጅቷ።

ማስታገሻው ኩላሊታቸውን ይዞ ሊቲየሙን አላስወጣ ብሎ ነበር። ቅይጧ ለተረኛው ሐኪም ሮጣ ነገረችው፤ ሁለቱም መድኃኒት ቆመ፣ ግሉኮስ ተሰቀለላቸው። በሳምንቱ ሴትዮዋ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የነርሷን የተቀደደ ኪስ ይጠቅሙ ነበር።

በክፍሉ ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ብልቃጥ አጣቢው "መሣሪያችን ደረሰበት" አለ። ወሬ ጠራቂው ቀጠለና "የሚደብቁት ነገር እንዳለ ገና ሳያቸው ጠርጥሬ ነበር" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ቅይጧ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ሳቋ አመለጣት።

ተረኛው ሐኪም ግን የሆነውን አንድ በአንድ ተናገረ። ስብሰባውን የሚመሩት የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ወደ ቅይጧ ዞረው "ከማንኛቸው ጋር ብትሠሪ ይሻልሻል?" አሏት።

"ከማንኛቸውም ጋር አልሠራም። የራሴ ክፍል ይሰጠኝ።"

የተሰባበረ ወንበር የታጨቀበት ጠባብ ክፍል ሰጧት። ወንበሩን አስወጥታ፣ ወለሉን ወልውላ ገባችበት።

ወር ሳይሞላ ባለ ጺሙ አንዲት ታካሚ ላከባት፤ በብጣሽ ወረቀት "እባክሽ ደሟ ይታይልን" ብሎ ጽፎ። ቅይጧ የፊደል ግድፈቱን በቀይ እስክሪብቶ አርማ ወረቀቱን መልሳ ላከችለት። ታካሚዋን ግን "ግቢ የኔ እህት፣ ተቀመጪ" ብላ አስገባቻት።