ሁለት ፋይበር፣ አንድ ቦይ

ሰው በአፉ ሲያዘኝ ጆሮዬ አይሰማም። «በጽሑፍ ይስጡኝና ይፈርሙበት» እላለሁ። በዚህ የተነሳ ሆስፒታሉ በሙሉ «ወይዘሪት ፊርማ» ይለኛል፤ ይበሉኝ። ሥራዬ ኔትወርክ ነው። ከእኛ ወደ ሩቁ ቅርንጫፋችን የሚመላለሰው ነገር ሁሉ በየትኛው መስመር እንደሚያልፍ፣ ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል የምወስነው እኔ ነኝ።

ቅርንጫፉ ሲቲ ስካን አለው፤ ፎቶውን አይቶ የሚፈርድ ሐኪም ግን የለውም። ፎቶው ለእኛ ይላካል፣ የእኛ ሐኪም ያነብና እንዲህ አድርጉ ይላቸዋል። እዚያ ሆና የምትልከው ነርስ ታላቅ እህቴ ናት።

መስመራችን ከሁለት ኩባንያ የተገዛ ሁለት ፋይበር ነው። አንዱ ቢበጠስ ሁሉም በራሱ ወደ ሌላው ይዞራል ተብሏል። ዳይሬክተሩ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሁለት አለን» እያለ ይኮራል። እኔ ግን አንድ ቀን አላስችል አለኝና እግሬ እስኪቀጥን መስመሮቹን ተከትዬ ሄድኩ። ከበራችን እንደወጡ ሁለቱም አንድ ቦይ ውስጥ ይገባሉ። እስከ ድልድዩ ድረስ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ዳይሬክተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ጭራሽ ፋይበር ሳይገባ ከቅርንጫፉ ጋር የምንገናኝበትን፣ ጣሪያ ላይ ያለውን አሮጌ የራዲዮ አንቴና አንሺ አለኝ። የሕንፃውን መልክ አበላሽቷል ብሎ።

«ሁለት ፋይበር እያለን ይሄ ዝገት ምን ያደርግልናል?»

«ሁለት አይደሉም፤ አንድ ናቸው።»

«ውሉ ሁለት ነው የሚለው።»

«ቁፋሮ ውል አያነብም። አንሺ የሚለውን በጽሑፍ ይስጡኝና ይፈርሙበት።»

አልፈረመም፤ እኔም አላነሳሁም። በየሳምንቱ እየወጣሁ የርግብ ኩሱን ስጠርግለት ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር በፍቅር ሳይሆን በእልህ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለመንገድ ሥራ የመጣ ኤክስካቫተር ድልድዩ አጠገብ አንዴ ቆፈረ። ስክሪኔ ላይ ሁለቱም መስመሮች እኩል ቀይ ሆኑ። ነውር ቢሆንም ለአፍታ ደስ አለኝ። ወዲያው እህቴ በሞባይሏ ደወለች።

«ፎቶው አልሄደልኝም። ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ ነው፤ ራሱን አያውቅም፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን እየሰፋ ነው። እዚህ ያለው ቀዶ ሐኪም ደግሞ ፎቶው ሳይነበብ አልነካውም ብሏል።»

«በራዲዮው አሳልፍልሻለሁ።»

«እባክሽ ቶሎ በይ የኔ እናት።»

ራዲዮው ጠባብ ነው፤ ብዙ ነገር በአንዴ አይሸከምም። ሌላውን ሁሉ ዘጋሁና ለፎቶው ብቻ ለቀቅኩት። ሃያ ደቂቃ እንደሚፈጅ ስክሪኑ ነገረኝ።

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ዳይሬክተሩ በሩን በርግዶ ገባ። ለካ ቅርንጫፉ ውስጥ የቦርዱ አባላት ተሰብስበው ንግግሩን በቪዲዮ እየሰሙ ነበር።

«ስብሰባዬ መሃል ላይ ተቋረጠ። ክፈቺልኝ።»

«መስመሩ ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«በሽተኛ።»

«እንግዲያው አካፍይን።»

«ከተካፈላችሁ ሃያው ደቂቃ አንድ ሰዓት ይሆናል። ሰውየው አንድ ሰዓት የለውም።»

ከራስ በላይ ነፋስ ማለት ያን ዕለት ገባኝ። ከጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አነሳና ጻፈ፦ «የቪዲዮ ስብሰባው ቅድሚያ ይሰጠው።» ቀኑን አሰፈረ፣ ፈረመ። በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረመልኝ።

«ይኸው የምትወጂው ፊርማ። አሁን ክፈቺ፤ አለዚያ ነገ እዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ነው የሚቀመጠው።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚህ ወንበር ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፣ ፈርቻለሁ።

«አልከፍትም» አልኩት።

«ፈረምኩልሽ እኮ።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ አልኩ እንጂ እፈጽመዋለሁ መቼ ወጣኝ?»

ኪቦርዱን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። የይለፍ ቃሉን አያውቀውም፣ ጠይቆም አያውቅም። ከአጠገቤ እንደ ቆመ አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ፎቶው ገባ። ሐኪማችን አይቶ ለቅርንጫፉ ደወለ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ተጠራቅሟል፣ አሁኑኑ ይከፈት አለ። ከዚያ በኋላ ለስብሰባው መስመር ለቀቅኩ፤ ዳይሬክተሩም ወጥቶ ሄደ።

እኔም ከፊርማው ሥር «አልተፈጸመም» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰዓቱን አስገባሁ፣ ፈረምኩበት። መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬ ቆለፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ወንበሬ ባዶ ነበር፣ ተቀመጥኩበት። እህቴ ደውላ ቀለም ቀቢው ዓይኑን ገልጦ ውሃ መጠየቁን ነገረችኝ፤ አለቀስኩ። ፊቴን ሳልጠርግ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። ድምፁ ለስልሷል።

«ያቺን የትናንቷን ወረቀት ብትመልሺልኝ» አለ።

«ምን ችግር አለ» አልኩት። «ትመለስልኝ የሚለውን በጽሑፍ ይስጡኝና ይፈርሙበት።»