ንብርብር ሰባት ውስጥ የተገኘው የሸሚዝ ቁልፍ

ቤት ውስጥ «እመት ገል» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት ታናሽ እህቷ ናት፤ ዓመት ሙሉ ከአፏ ከገል ሌላ ወሬ አልወጣማ። ሰው ሰብሮ የጣለውን ሸክላ ለቅማ ማስተርስ ልትይዝበት።

የቆፈረችው እንኳን እሷ አይደለችም። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ ቆፍሮ፣ ገሉን በየከረጢቱ አስሮ፣ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ትቶት ሞተ። እሷ ብቻዋን፣ ቡድን የለ ረዳት የለ፣ ሁለት ሺህ ምናምን ገል ቆጠረች፣ መዘነች፣ ሣለች። ከረጢቶቹ ላይ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር አለ፣ የአፈሩ ንብርብር ነው። አንድ የላይኛው፣ ሰባት የታችኛው። ከታች ያለው ደግሞ ቀድሞ የተቀበረው ነው። የሰባት ገል ሁሉ ጌጥ በጌጥ፣ የአንድ ልሙጥ። ስለዚህ የድሮ ሰዎች እንስራቸውን ያስጌጡ ነበር፣ በኋላ እርግፍ አድርገው ተዉት። መቶ አርባ ገጽ ሙሉ የምትለው ይህንኑ ነው።

ሰኞ ታስረክባለች። ዛሬ አርብ ከሰዓት ነው። የቀራት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ከሰባት ቁጥር ከረጢቶች አንዱን ከሙዚየሙ በፊርማ አውጥታ ቤት አመጣችና፣ መስኮቱ ሥር ያለው የእናቷ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከገሎቹ መሃል አንዱን የአፈር ጓል አነሳች። «ይቺ የሸሚዝ ቁልፍ ምን ትሠራለች እዚህ?»

«ካንቺ የቁልፍ ቆርቆሮ ወድቃ ነዋ፣ እማዬ።»

«ከኔማ አይደለችም። ይቺ የድሮዋ ፕላስቲክ ናት፣ ሙያ ስማር ነበር የምንሰፋት። ደግሞ እይ፣ አፈሩ ውስጥ ነው የተቀረቀረችው።»

ልጅት ጓሉን ተቀበለች። ከሁሉ በታች፣ ከሁሉ በፊት በተቀበረ አፈር ውስጥ የፕላስቲክ ቁልፍ።

ላፕቶፗን ከፍታ የቆፋሪውን ሰውዬ ማስታወሻ ደብተር ፎቶዎች ፈለገች። የመጀመሪያውን ገጽ አንብባው አታውቅም፤ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነዋ፣ ማን ያነበዋል? ከስሞቹ ሥር በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አለቱ ላይ ከደረስን በኋላ ንብርብሮቹን ከታች ወደ ላይ ቁጥር ሰጠናቸው።»

ሰባት የላይኛው ነው። አንድ የታችኛው። ሰዎቹ ጌጡን አልተዉም፣ ኋላ ነው የጀመሩት። መቶ አርባ ገጽ ተገልብጦ ቁጭ አለ።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለች እህቷ ከጓዳ ብቅ ብላ። ነገሩን ስትሰማ ትከሻዋን ሰበቀች። «ታዲያ ማን ያውቃል? አማካሪሽ ሁለቴ አንብቦ አላየውም። ቁልፏን ወዲያ ጣያትና አስረክቢ በቃ።»

እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም። ቁልፏ ጥፍር የምታህል ናት፣ በመስኮት ብትወረውራት ድምፅ እንኳን የላትም። እናቷ መቀሷን አስቀምጣ ታያታለች።

ሳታስበው ለአማካሪዋ ደወለች። ብታስብማ አትደውልም ነበር።

«ዶክተር፣ ይቅርታ... ንብርብሮቹን ገልብጬ ነው የቆጠርኳቸው።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ሰንጠረዦቹ ትክክል ናቸው?» አላት።

«የገሉ ቆጠራ ትክክል ነው። ቅደም ተከተሉ ነው እንጂ።»

«እኔም ማየት ነበረብኝ። ስሚ፣ ሰኞ እስከ አስር ሰዓት አስተካክለሽ ካመጣሽ አነበዋለሁ። አለዚያ ለከርሞ ነው፣ ማራዘም አልችልም።»

«እሺ» አለች።

«ለከርሞ?» አለች እህቷ። «ሌላ ዓመት ሙሉ ገል ልንሰማ ነው? በይ ሥዕሎቹን ስጪኝ፣ ቅደም ተከተላቸውን እኔ እገለብጣለሁ። ከሰባት ወደ አንድ አይደል?»

«እያንዳንዱን ሁለቴ እያየሽ። አንድ እንዳትሳሳቺ፣ በናትሽ።»

እናቷ ጨርቁን ሰብስባ የጠረጴዛውን ግማሽ ለቀቀችላት። እሷም ምዕራፍ ሦስትን ከፍታ የመጀመሪያውን አንቀጽ አጠፋችው። ነጩ ገጽ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰዓቷን አየች፣ ዘጠኝ ተኩል። ቆጠረች፦ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። እንደገና ቆጠረች፣ ያው ነው። መጻፍ ጀመረች።