ዲስክ ፍሬን ለአባቴ መኪና

ከቦንጋ ወደ ዋጫ ሲኬድ፣ ከተማው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር አንድ ረጅም ቁልቁለት አለ። አባቴ ጋሽ ተድላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ አናት ላይ ሲደርስ ፒክአፑን አቁሞ «ውረዱ!» ይላል። ገበያተኛው ቅቤውንና ማሩን መኪናው ላይ ትቶ ይወርዳል። አባቴ በአንደኛ ማርሽ ይዞ ቀስ እያለ ይነዳል፤ ሰዉ ከኋላ እያወራ በእግሩ ይከተላል። ታች ሲደርስ አባቴ የፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያሸታል። የሚቃጠል የፍሬን ሸራ ምን እንደሚሸት ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

በ2001 ዓ.ም. በዚህ መስመር አዲስ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገባ። ቅጥቅጡ ማንንም አያስወርድም። በሦስት ወር ውስጥ የእኛ አግዳሚ ወንበሮች ግማሻቸው ባዶ መሄድ ጀመሩ። በዚህ ከቀጠለ መኪናዋ ትሸጣለች፤ አባቴም ደጃፍ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲቆጥር ይውላል። ያንን ማየት አልፈለግሁም።

ከጅማ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ስለነበር መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ። የፊት ጎማዎቹ የድሮ ታምቡር ፍሬን ይነሣና ዲስክ ፍሬን ይገባል። ለአሮጌ መኪና ተብሎ የተሠራ ማጋጠሚያ አለ፤ ሁለት ወፍራም የብረት ሰሌዳ ነው፤ በአንድ በኩል በድሮው ቦታ ይታሰራል፣ በሌላ በኩል አዲሱን ፍሬን ይይዛል። መለዋወጫ ነጋዴው ሬድዋን ከዱባይ ሊያስመጣልኝ ተስማማ።

«ማጋጠሚያው ብቻውን ሁለት ሺሕ ተኩል ነው» አለኝ። «ከነዲስኩ፣ ከነሙሉ ዕቃው ዐሥራ አንድ ሺሕ።»

«ዘጠኝ አድርገው።»

«በዘጠኝማ አንዱን ጎማ ብቻ ነው የምታቆሚው፣ እህቴ።» ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሰርቮ አላት?»

«የላትም።»

«እግር የሚያግዘው እሱ ነው። ዲስክ ያለ ሰርቮ ይከብዳል። አራት ሺሕ ጨምሪና አብሮ ይምጣ።»

«ሒሳቡን ሠርቻለሁ። ጤነኛ ሰው ይረግጠዋል።»

በእርግጥም ሠርቼ ነበር። ዐሥራ አንዱ ሺሕ ግን ያለኝ ቁጠባ በሙሉ ነበር፤ ሌላ አራት ሺሕ እስክሰበስብ መጠበቅ ደግሞ አልፈለግሁም።

ዕቃው መጥቶ አባቴ ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ አልፈካም።

«ፍሬኔ ምን አደረገሽ?»

«ሰው ያስወርዳል።»

«መውረድ የገደለው ሰው የለም።»

«አንተን ቅጥቅጡ እየገደለህ ነው፣ አባዬ።»

መካኒኩ ገብረወልድ ሁለት ቀን መኪናዋ ሥር ተኝቶ ዲስኩን ገጠመው። ከተማ ውስጥ እኔ ራሴ ነድቼ ሞከርኳት፤ ፍሬኑ ከበድ ይላል እንጂ ባለችበት ቀጥ ትላለች። በማግሥቱ ቁልፉን ለአባቴ ሰጠሁትና ሰው ሳንጭን ወደ ቁልቁለቱ ሄድን።

የመጀመሪያውን ኩርባ በማርሽ ያዛት። ሁለተኛው ላይ «አሁን ፍሬን!» አልኩት። ረገጠ። መኪናዋ ትንሽ ዝግ አለችና መልሳ ፈጠነች። እንደገና ረገጠ፤ ከንፈሩን ነክሷል። በመጨረሻ መሪውን ወደ ጎን ጠመዘዘና የሰው እንሰት ጓሮ ውስጥ ገብተን ቆምን። ሦስት እንሰት ተሰበረ። እኛ ምንም አልሆንንም።

«አልረገጥክም!» ብዬ ጮኽሁበት።

ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ሱሪውን ስገልጠው ጉልበቱ አብጦ ያብረቀርቃል።

«መቼ ጀመረህ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ቁልፉን ትቀሚኝ ነበራ።»

እውነቱን ነው፤ እቀማው ነበር። ታምቡር ሲዞር ራሱ ሸራውን ይስበዋል፤ እግር ትንሽ ከነካው ይበቃዋል። ሲግል ይከዳል እንጂ ለታመመ ጉልበት ይመቻል። ዲስክ ቢግልም አይከዳም፤ ግን የእግርን ጉልበት በሙሉ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በትምህርት አውቀዋለሁ። የአባቴን እግር ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

«የድሮውን መልሱልኝ» አለ። «እሱ ያውቀኛል።»

«አልመልስም። ሰርቮ እስክገዛ በየገበያው ቀን እኔ እነዳለሁ።»

ሦስተኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ያወጣልኝም እሱ ነው። ለእንሰቶቹ ባለቤት ካሳ ከፍለን፣ እኔ እየነዳሁ ወደ ቤት ተመለስን።

ቅዳሜ ጠዋት ዐሥራ አንድ ሰው ጫንን። አባቴ ጋቢና ከጎኔ ተቀመጠ። ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ላቀች ከኋላ ሆና «ዛሬ ሾፌራችን ቀሚስ ለብሳለች!» ስትል ሳቁ እስከ እኛ ተሰማ።

ቁልቁለቱ አናት ላይ መኪናውን አቆምኩ።

«ውረዱ!» አለ አባቴ፣ ሳያስበው።

ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ።

«ተቀመጡ፣ ማንም አይወርድም!» አልኩ።

«ማንን እንስማ?» አለ አንድ ሰውዬ፣ አንድ እግሩን አውጥቶ።

«እኔ አልወርድም» አለች እትዬ ላቀች። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወርጃለሁ፤ ይበቃኛል። ብሞትም ቁጭ ብዬ ልሙት።»

ሰውዬው እግሩን መለሰ። የጋቢናው በር ተከፈተ። የወረደው አባቴ ነው። ወደ እኔ ሳያይ በሩን ዘግቶ መንገዱ ዳር ቆመ።

ተናድጄ ነዳሁ። ፍሬኑን በየኩርባው ባለኝ ጉልበት ረገጥኩት፤ በየኩርባው ታዘዘኝ። ታች ስደርስ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ገበያው ሊበተን ነው» አለ ሰውዬው።

«አባቴን።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ቅጥቅጡ ጡሩምባ እየነፋ አለፈን። ከዚያ አባቴ ከመጨረሻው ኩርባ ብቅ አለ፤ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ እያነከሰ፣ ለመደበቅም ሳይሞክር። ደርሶ የፊት ጎማውን በእጁ ተደግፎ እንደ ምንም ቁጢጥ አለና አሸተተ። ብዙ ጊዜ አሸተተ።

«ምንም አይሸትም» አለ።

ደግፌው ጋቢና ገባ። ጉሮሮውን ጠርጎ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ፦ «የሚቀጥለው ቅዳሜ አልወርድም። ጉልበቴን ያመኛል።»

«እሱንማ ካወቅን ሁለት ዓመታችን ነው» አለች እትዬ ላቀች ከኋላ። «ታች ደርሰህ ስታነክስ እንዳናይህ ብለን አይደል ወደ ኋላ እየቀረን ስናወራ የኖርነው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ማርሽ አስገባሁ።