ሶኬቱ ይረፍበት

የሰፈሩ ሰው «እማማ ስጋት» የሚላቸው በከንቱ አልነበረም። ሰማይ ሲደምን ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ይነቅላሉ፤ ካውያ ትንሽ ከሠራ «ይረፍበት» ብለው ያስቀምጡታል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት የልጅ ልጃቸው የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ሲመጣ ታዲያ እንቅልፋቸው ድራሹ ጠፋ።

ቤቱ ያረጀ ነው፤ ቅያሱም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። መኪናዋ ቅያሱ አፍ ላይ ትቆምና የቻርጅ ኬብሉ ከእማማ መስኮት ወርዶ፣ የጎረቤት አጥር ተሻግሮ ይደርስላታል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ልጁን ባየችው ቁጥር «ላምህን አሰርካት?» እያለች ትተርበዋለች። ሳቁ ሳቅ ነው፤ የልጁ እንጀራ ግን ያችው መኪና ናት። የኩላሊት እጥበት ያለባቸውን ሕመምተኞች በየጠዋቱ ሊያደርስ ከአንድ ክሊኒክ ጋር ውል ይዟል። አንድ ቀን ካጎደልክ ውሉ አበቃ ተብሏል። ይህን እማማም አሳምረው ያውቃሉ።

አንድ ምሽት ልጁ ኬብሉን ሰክቶ ተኛ። እማማ ሶኬቱን በመዳፋቸው ቢነኩት እንደ ትኩሳታም ሕፃን ግንባር ይፋጃል። የቤቱ ሽቦ የአማታቸው ዘመን ሽቦ ነው። ልጁን ከሚቀሰቅሱት ብለው ኬብሉን ነቀሉት፤ ሶኬቱ ትንሽ አርፎ ሲበርድ መልሰው ሊሰኩት። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ስንት ሌሊት የሸሻቸው እንቅልፍ ያን ቀን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እዚያው ጣላቸው።

ጠዋት ልጁ ቻርጁ መጉደሉን ቢያይም «ያደርሰኛል» ብሎ ወጣ። አላደረሰውም። አንዲት አሮጊት እንደጫነ መኪናዋ መንገድ ላይ፣ ድልድይ መሀል ቀጥ አለች። ሴትዮዋን ሌላ መኪና አደረሳቸው፤ ውሉ ግን በዚያው ዕለት ተቀደደ።

ልጁ ሲመለስ ኬብሉን የነቀሉት እሳቸው መሆናቸውን እማማ ነገሩት፤ አልጮኸባቸውም። ቢጮኽ ይሻላቸው ነበር። ስለ አሮጌው ሽቦ፣ ስለ ቃጠሎ የነገሩትን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በሳምንቱ ከከተማው ዳር፣ ግቢው ውስጥ የመኪና ቻርጀር ካለበት አዲስ ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየ። እማማ ዳግመኛ እጃቸውን ሶኬቱ ላይ እንደማያሳርፉ ቢምሉ፣ ቢለምኑ አልሆነም።

ፍራሹን ሲጭን መቼ እንደሚመጣ ጠየቁት።

«እማዬ፣ ደርሶ መልሱ ሩቅ ነው። እዚህ ደግሞ የምሞላበት የለም። ቻርጅ ሲተርፈኝ እመጣለሁ።»

«ከእሳት ላድንህ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ» አለና የመኪናዋን በር ዘጋ።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። መኪናዋ እንደሆነ ድምፅ የላትም፤ መሄዱን ያወቁት ቀና ብለው ባዶውን ቦታ ሲያዩ ነው።